የእሑዱ ወረቀት

«ሰላሳ ሊሞላሽ አንድ ሐሙስ ቀረሽ፤ ስምሽ ግን ይኸው እስካሁን ብቻውን መስመር ይዟል!» አሉ እትዬ ፖሊክሴኒ፣ ወደቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መረብ እየጠገኑ።

ዛፊሮ የቲማቲም ሳጥን ታቅፋ በጠባቧ ሳንቃ ላይ ወደ ጀልባው እየተሻገረች ነበር። ሳትዞር መለሰችላቸው።

«እርስዎ ላይ መስመሩ ጠበበብዎት እንዴ?»

«እኔማ ምን ይጠብብኛል? የሚደክማቸው ቄሱ ናቸው። ላንቺ ብቻ ብለው አንድ ሙሉ ትንፋሽ ያወጣሉ!»

የሜጋኒሲ ደሴት ሰው እሑድ እሑድ ለቅዳሴ የስም ወረቀት ይሰጣል። ወረቀቱ መሃሉ ይሰመራል። በቀኝ በኩል በሕይወት ያሉት ይጻፋሉ፣ በግራ በኩል ከመስቀሉ ምልክት ሥር ያረፉት። ባልና ሚስት አንድ መስመር ላይ አብረው ይጻፋሉ፤ ቄሱም በአንድ ትንፋሽ ይጠሯቸዋል። ያላገባ ብቻውን መስመር ይይዛል። ስለዚህ ሴት ልጅ ከማን ጋር ተጻፈች ማለት ለማን ተሰጠች ማለት ነው፤ ሌላ የጥሪ ወረቀት አያስፈልግም።

ዛፊሮ ሳቀችና ሳጥኑን አስተካክላ ያዘች። ሥራ በዝቶባታል። ከሰዓት በኋላ ስምንት እንግዶች ከአቴንስ ይመጣሉ። ከደሴት ደሴት ሰባት ቀን ነው ጉዞው፤ ካላሞስ፣ ካስቶስ፣ አቶኮስ፣ ኢታካ፣ ከዚያ ለፍልሰታ በዓል መልስ። እንግዶቹ ቀን ቀን በካያክ ይቀዝፋሉ። ካያክ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦባት፣ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ የሚገፋት ጠባብ ታንኳ ናት። ሲመሽ ግን ሁሉም ወደ እናት ጀልባዋ ይሰበሰባሉ፤ እዚያ ይበላሉ፣ እዚያ ይተኛሉ። እናት ጀልባዋ የአባቷ የካፒቴን ፎቲስ ናት፤ ስሟ ኤቫንጌሊስትራ፣ ድሮ ወይንና ዘይት ታመላልስ የነበረች፣ ሆደ ሰፊ የእንጨት ጀልባ። ምግቡም ጭነቱም የዛፊሮ ኃላፊነት ነው። ጾም ስለሆነ ሽምብራውን፣ ባቄላውን፣ የወይራ ፍሬውን፣ ደረቁን ዳቦ ሁሉ ከጠዋት ጀምራ ጭናለች።

ካያኮቹን የያዘው መኪና ያን ጊዜ ወደብ ገባ።

ካያኮቹ ጣሪያው ላይ በሆዳቸው ተደፍተው ታስረዋል። ሹፌሩ ወረደና ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ገመዱን መፍታት ጀመረ። ገመዱን እንደማንም አልጣለውም። ጫፉን በጥርሱ ነክሶ፣ የቀረውን በአውራ ጣቱና በክርኑ መሃል እየጠመጠመ ሰበሰበው። ዛፊሮ ሳንቃው መሃል ቆመች። ገመድ በጥርሱ ነክሶ የሚጠመጥም ሰው በሕይወቷ ሁለት ብቻ ነው ያየችው። አንደኛው ወንድሟ ማቴዎስ ነበር፤ እሱን ከአምስት ዓመት በፊት ባሕር በልቶታል። ሁለተኛው ያን ቀን ከማቴዎስ ጋር የወጣው፣ ብቻውን የተመለሰው ነው።

ሰውየው ዞር አለ።

ዛፊሮ ክው አለች። ሳጥኑ ከእጇ አመለጠ። ቲማቲሙ ሳንቃው ላይ ተንከባለለ፣ ከፊሉ ባሕር ገባ፣ ቀይ ቀይ ሆኖ ተንሳፈፈ።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ፖሊክሴኒ፣ ወስፌያቸውን አየር ላይ እንደያዙ። «አርጊሪስ አይደለም እንዴ?»

አርጊሪስ ነበር። ከስቷል፤ ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ዓይኖቹ ግን ያው ናቸው። እነዚያ ዓይኖች ዛፊሮ ላይ አረፉና ወዲያው ወደ መሬት ወረዱ። ጎንበስ ብሎ እግሩ ሥር የደረሰውን አንድ ቲማቲም አነሳ፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ ምን እንደሚያደርገው ጨንቆት በእጁ ይዞ ቆመ። ዛፊሮ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ልትጮህበት ይሁን ልታቅፈው አላወቀችም። ዞራ ወደ ጀልባዋ ገባች።

* * *

አባቷን ሞተር ክፍል ውስጥ አገኘችው። እጁ በግራሶ ተለውሷል።

«አባባ፣ ምንድነው ያደረግከው?»

«አየሽው?»

«መንደሩ ሁሉ አየው! ፓንዴሊስ አይደለም እንዴ እንግዶቹን የሚመራው?»

«ፓንዴሊስ ከበለስ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። በዚህ ወቅት ባሕሩን የሚያውቅ ሰው ከየት ላምጣ?»

«ለእማስ ምን አልካት?»

ካፒቴን ፎቲስ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ፤ ጢሙም ጠቆረ። «አዲስ ሰው ከሌፍካዳ ይመጣል አልኳት። ውሸት አይደለም። የመጣው በሌፍካዳ በኩል ነው።»

«አባባ!»

«ምን ላድርግ ልጄ? ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ እናትሽን እፈራታለሁ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቀች። አሁን ግን ሰዓቱን አሰበች። እናቷ ስታማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጀልባዋን ከሚባርኩት ቄስ ጋር ትመጣለች። ልጇ ከጠፋ ጀምሮ ጥቁር ያላወለቀች ሴት ናት። በአርባው ዕለት አርጊሪስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አየ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የአርጊሪስ ስም ተነስቶ አያውቅም። ዛፊሮ ያን ጊዜ ሁለት ሰው ነው ያጣችው፤ ወንድሟንና የምትወደውን። አንደኛውን በጥቁር ልብስ አለቀሰችው፤ ሁለተኛውን ግን ማልቀስ እንኳ አልተፈቀደላትም።

ሥራው መሠራት ስላለበት እሷና አርጊሪስ ካያኮቹን አብረው ማሰናዳት ጀመሩ። እሷ ታቀብላለች፣ እሱ ይከታል። ከባዱ ነገር ወደ መቀመጫው ይጠጋል፣ ቀላሉ ወደ ጫፍ ይሄዳል፣ ግራና ቀኙ እኩል ይሆናል። የውሃ ከረጢት፣ የቁስል ማሰሪያ ሳጥን፣ የምሳ ዕቃ። ጣታቸው እንዳይነካካ ሁለቱም ይጠነቀቃሉ። አርጊሪስ የዕቃ መክተቻውን ክዳን ከገጠመ በኋላ በመዳፉ ዙሪያውን ይጫናል። ከዚያ ይደግማል። ከዚያ ይሠልሳል።

«ገጥሟል እኮ» አለች ዛፊሮ። የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጫነዋለህ?»

እጁ ክዳኑ ላይ ቆመ። «አቶኮስ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ነው የደቡቡ ነፋስ የተነሳው። 'ውሃ እየገባብኝ መሰለኝ' አለኝ፣ እየሳቀ። ማቴዎስን ታውቂዋለሽ፤ ሁሉ ነገር ያስቀዋል። ዞሬ እስካየው ማዕበሉ መሃላችን ገባ። ሲወርድ ታንኳዋ ብቻ ነበረች። ጠዋት ክዳኑን የገጠመው እኔ ልሁን እሱ አላስታውስም። አምስት ዓመት ሙሉ አሰብኩ። አላስታውስም ዛፊሮ።»

ይህን ማንም አልነገራትም ነበር። የነፋሱን ነገር ብቻ ነበር የምታውቀው። ደንግጣ አየችው፤ ይህን ሸክም ለብቻው ይዞ መኖሩ ከሁሉ በላይ አስደነገጣት።

«ለምን አልነገርከኝም? ደብዳቤ ጻፍኩልህ፤ መልስ እንኳ አልሰጠኸኝም።»

«'አትምጣ' ለሚል ደብዳቤ ምን መልስ አለው? መልሱ አለመምጣት ነው።»

ውሃ ከማያስገባው ከረጢቱ ውስጥ አንድ ፖስታ አውጥቶ ሰጣት። ጠርዙ ተልጧል። ዛፊሮ የገዛ እጅ ጽሕፈቷን አወቀችው። እሱ አላነበበውም፤ በቃሉ ነው ያወረደው።

«'እናቴ አንተን ባየች ቁጥር ማቴዎስን ነው የምታየው። እባክህ አትምጣ።' ከሥሩ ስምሽ። ሌላ ነገር የለበትም። እኔም 'እሷም እንደ እናቷ ናት፣ እኔን ማየት አትፈልግም' አልኩ።»

«እስክትረጋጋ ማለቴ ነበር!» ድምጿ ከፍ አለ፤ እትዬ ፖሊክሴኒ አንገታቸውን አሰገጉ። ዛፊሮ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለጥቂት ወር ማለቴ ነበር። እኔ እኮ በየሳምንቱ ፖስታ ቤት እሄድ ነበር። 'ረሳኝ' አልኩ።»

«እስከ መቼ እንደሆነ አልጻፍሽም።»

አልጻፈችም። ዛፊሮ ፖስታውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አንድ መስመር ብትጨምር ኖሮ! ከሁለት ቃል የማይበልጥ ነገር ነው አምስት ዓመት የበላባቸው። ሰው በቸኮለ እጅ እንዲህ ራሱን ይቀብራል?

«አሁንስ ለምን መጣህ?»

«አባትሽ ደወሉልኝ። 'ሚስቴ ታባርርህ ይሆናል፤ ልጄ ግን ዓይኗ ከባሕሩ አልተነሳም' አሉኝ። ለመባረርም ቢሆን ልምጣ አልኩ።»

ዛፊሮ እንባዋን ዋጠች። «ስማኝ አርጊሪስ። እናቴ 'ውረድ' ካለችህ እኔም ካንተ ጋር አልሄድም። ዛሬም፣ ነገም። አንዱን ልጅ ባሕር ወስዶባታል፤ ሁለተኛዋን እኔ ራሴ አልወስድባትም። እወድሃለሁ፤ ግን አላደርገውም።»

«አውቃለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም አድርጊው አልልሽም።»

ይህን ሲል ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ እምቢ አለው። ዛፊሮ ከዚያ ወዲያ ልታየው አልቻለችም። ዞራ የወይራ ጣሳ መቁጠር ጀመረች፤ ሰባት ላይ ስትደርስ ይጠፋባታል፣ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች።

* * *

አባ ገራሲሞስ ለደሴቲቱ አዲስ ናቸው። ከኬፋሎኒያ ከመጡ ገና ሦስት ቀናቸው ነው፤ እሑድ ገና አልቀደሱም፤ ወጣት ናቸው፣ ጢማቸው እንኳ በደንብ አልሞላም። የውሃ ሳህን የያዘች ትንሽ ጠረጴዛ ወደቡ ላይ ተዘረጋች፤ አጠገቧ ሻማና አንድ እቅፍ በሶብላ ተቀመጠ። ስታማታ ከኋላቸው መጣች። ባቄላ ስትለቅም ነው የተነሳችው፤ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ልትናገር አፏን እንደከፈተች ከካያኮቹ መሃል ቀና ያለውን ሰው አየችው።

ፊቷ አመድ መሰለ።

ካፒቴን ፎቲስ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። አርጊሪስ እጆቹን ወደ ታች ጥሎ ቆመ፤ እንደተከሰሰ ሰው። ዛፊሮ በልቧ «እመቤቴ ማርያም፣ ያቺን አንድ ቃል ብቻ እንዳትናገር አድርጊልኝ» አለች።

ስታማታ አየችው፣ አየችው፣ ዓይኗን አላነሳችም።

አባ ገራሲሞስ ከዚህ ሁሉ የሚያውቁት ነገር የለም። «በሉ እንግዲህ» አሉ በደስታ። «በጉዞው ያሉትን ሰዎች ስም ስጡኝ። እየጠራሁ አንድ በአንድ ልባርካቸው።»

ስታማታ የተጓዦቹን ስም ጠዋት ጽፋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ነበር። ዓይኗ አርጊሪስ ላይ እንደተተከለ እጇን ኪሷ ከተተች፣ ያገኘችውን ወረቀት አውጥታ ሰጠች። መነጽሯን ባቄላው ላይ ትታው መጥታለች። ብታደርገውም ኖሮ ወረቀቱን አታየውም ነበር።

ቄሱ ወረቀቱን ዘረጉ። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት ጨርቅ ሆኗል፤ ማጠፊያው በፕላስተር ተጠግኗል። እሳቸው ግን የቤቱን ሰው ገና አያውቁምና በቀኝ በኩል ካለው ጀመሩ።

«ፎቲስ እና ስታማታ።» በአንድ ትንፋሽ። በሶብላውን ነክረው ረጯቸው።

«ዛፊሮ።» ብቻዋን። እትዬ ፖሊክሴኒ አሳላቸው።

«ማቴዎስ።»

በሶብላው ጠብ ጠብ እያለ አየር ላይ ቆመ። ቄሱ ዙሪያውን ቃኙ። «ማቴዎስ! ማቴዎስ የታለ? ና ልጄ፣ ቀረብ በል።»

ጀልባዋ ብቻ ገመዷን እየሳበች ሲጥ ሲጥ ትላለች። ዛፊሮ የተሳሳቱ መስሏት ወደ ወረቀቱ ተንጠራራች። አልተሳሳቱም። በእናቷ እጅ፣ በሕይወት ካሉት ወገን፣ ከራሷ ከዛፊሮ ስም ሥር «ማቴዎስ» ተብሎ ተጽፏል። አርባው የወጣለት፣ ተዝካሩ የተበላለት ወንድሟ።

«ምነው?» አሉ ቄሱ ግራ ገብቷቸው። «ገና አልመጣም?»

«ኧረ አባ...» አሉ እትዬ ፖሊክሴኒ፤ ቀሪውን በመዳፋቸው አፈኑት።

ቄሱ ደንግጠው ከዚያ ዝምታ ለመውጣት ሲሉ ቀጣዩን ስም ቶሎ አነበቡ።

«አርጊሪስ።»

አርጊሪስ ጥይት እንደነካው ሰው ደነገጠ። ከዚያ፣ ስሙ ተጠርቷልና፣ እንደታዘዘ ሕፃን ሁለት እርምጃ ወደፊት መጣ። አንገቱን ሰበረ። ውሃው ፀጉሩ ላይ ወረደ።

ዛፊሮ ወረቀቱን አፍጥጣ አየች። የአርጊሪስ ስም ዛሬ የተጨመረ አይደለም። ከማቴዎስ ጋር በአንድ ቀለም፣ በአንድ ቀን የተጻፈ ነው፤ እኩል ደብዝዟል። እሑድ እሑድ እናቷ አጥፋ ይዛው የምትሄደው ይህ ወረቀት ነው። የድሮው ቄስ መቅደስ ውስጥ በለሆሳስ ያነቡት የነበረው ይህ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ስሙ በማይነሳበት ቤት፣ እናቷ በየሳምንቱ ለአርጊሪስ ጤና ስትለምን ኖራለች!

«እማ...» አለች።

ስታማታ ያን ጊዜ ነቃች። የሰጠችውን ወረቀት አወቀች። ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች።

«ወይኔ፣ የእሑዱን ነው የሰጠኋቸው» አለች። ከዚያ ሊሸሸግ የሚችል ነገር እንደሌለ ስታይ፣ ለሁሉም ሳይሆን ለራሷ የምታወራ ያህል ቀጠለች። «ንፍሮውን እኔው ነኝ የቀቀልኩት። እናንተም ቀመሳችሁ፣ እኔም ቀመስኩ። ጥቁሩንም ለበስኩ። ወረቀቱን ልጽፍ ስቀመጥ ግን እጄ ወደ ግራ አልሄድ አለኝ። ሬሳውን አላየሁማ! ሳላየው እንዴት በገዛ እጄ ላሻግረው?»

ካፒቴን ፎቲስ «ስታማቴ» አለ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት እንዲህ ጠርቷት አያውቅም።

አርጊሪስ ቀና አለ፤ የፀበሉ ውሃ ከእንባው ተቀላቅሎ ፊቱ ላይ ይወርዳል። «እትዬ ስታማታ፣ እሱስ ልጅዎ ነው። እኔን ለምን?»

«አብራችሁ ነው የወጣችሁት» አለች፣ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቃት ሁሉ። «ማቴዎስን ጠርቼ አንተን እንዴት ልዝለልህ? ፈጣሪ 'ጓደኛውስ?' ቢለኝ ምን ልመልስ ነው?»

«ታዲያ በአርባው... ፊትዎን አዞሩብኝ እኮ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ...»

ስታማታ ቀረበችው። ረጅም ስለሆነ ቀና ብላ አየችው።

«ከሰባት ዓመትህ ጀምሮ ቤቴ ስትገባ ከኋላህ እሱ ይከተልህ ነበር። አንተ በሩን ትከፍታለህ፣ እሱ ይዘጋል። የአርባው ዕለት የቤተ ክርስቲያኑን በር ከፍተህ ስትገባ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ከኋላህ አየሁ። በሩ ክፍቱን ቀረ። ማንም አልዘጋውም። ፊቴን ያዞርኩት ካንተ አይደለም ልጄ። ከበሩ ነው።»

አርጊሪስ ተንበረከከ። «እትዬ ስታማታ፣ ክዳኑን የገጠምኩት እኔ ልሁን አላውቅም። እኔ ብሆንስ?»

ይህን ስትሰማ የስታማታ ዓይን ፈጠጠ። ዛፊሮ እናቷን በክንዷ ልትደግፍ ተጠጋች፤ ልትወድቅ መስሏት። ስታማታ ግን አልወደቀችም። እጇን የአርጊሪስ እርጥብ ፀጉር ላይ አሳረፈች።

«ይህን ይዘህ ነው አምስት ዓመት የተንከራተትከው?» አለች። «እኔ ጤና ስለምንልህ፣ አንተ ይህን ይዘህ? ነገሩን የሚያውቀው አንድዬ ብቻ ነው። እኔ ባንተ ፈርጄ አላውቅም። ተነስ። ልብስህ ጨው ሆነ።»

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «እርሳስህን ስጠኝ።»

ካፒቴኑ ከጆሮው ላይ አውርዶ ሰጣት። ስታማታ ኪሷን ፈትሻ ጠዋት የጻፈችውን የተጓዦች ዝርዝር አገኘች፤ ገልብጣ ባዶ ጀርባውን ካያኩ ላይ ዘረጋችው። የድሮውን ወረቀት መሰረዝ አይሆንም፤ የእሑድ ወረቀት ላይ ስም አይሰረዝም፣ አዲስ ነው የሚጻፈው።

«ዛፊሮ፣ መነጽሬን አልያዝኩም። ወረቀቱን ያዢልኝ።»

ዛፊሮ በሁለት እጇ ያዘች። እናቷ መሃሉን አሰመረች። በግራ በኩል መስቀሉን አደረገች። ከሥሩ ያረፉትን የራሷን አባትና እናት ጻፈች። ከዚያ እርሳሱ ቆመ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። ዛፊሮ እናቷ የምትለውን አልሰማችም፣ ግን ከልጇ ጋር እየተነጋገረች እንደሆነ አወቀች። እርሳሱ ወረደ፤ ፊደል በፊደል፣ ልጅ ጽሕፈት ሲማር እንደሚጽፈው፣ ጠንክሮ፣ እንዳይለቅ። ማቴዎስ።

ስታማታ ትንፋሿን ሳበች። ወደ ቀኝ ተሻገረች። ራሷንና ባሏን ጻፈች። በሚቀጥለው መስመር አርጊሪስን ጻፈች። ዛፊሮ ቀጣዩ መስመር የራሷ እንደሆነ አውቃ ጣቷን ከቦታው ልታነሳ ስትል፣ እርሳሱ ወደ ታች አልወረደም። እዚያው መስመር ላይ ቀጠለ።

ዛፊሮ እናቷን አየቻት። ስታማታ አላየቻትም። አጣጥፋ ወረቀቱን ለቄሱ ሰጠች።

«ከመጀመሪያው ጀምረው ያንብቡልን አባ። የቅድሙ ስህተት ነበር።»

አባ ገራሲሞስ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ፎቲስ እና ስታማታ።» ረጩ። «አርጊሪስ እና...» ቆም አሉ። የኬፋሎኒያም ልማድ አንድ ነው። «እነዚህ ባልና ሚስት ናቸው?»

«ገና ናቸው» አለች ስታማታ። «እርስዎ ግን ያንብቡ።»

«አርጊሪስ እና ዛፊሮ» አሉ ቄሱ፣ በአንድ ትንፋሽ።

የበሶብላው ውሃ ሁለቱም ፊት ላይ እኩል አረፈ። እትዬ ፖሊክሴኒ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሉት አጡ። አርጊሪስ አንዴ ቄሱን፣ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ዛፊሮን ያያል፤ የሰማውን እንዲደግሙለት የሚፈልግ ይመስል ነበር። የዛፊሮ ጣቶች ከጎኗ ሆነው የእሱን ጣቶች አገኙ፤ በረዶ ነበሩ።

ቄሱ ወደ ግራ ዞሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኒቆላዎስ እና አናስታሲያ።»

ከዚያ፣ ሳያገባ ነው የሞተውና፣ ብቻውን መስመር የያዘውን ስም ጠሩ።

«ማቴዎስ።»

የመጀመሪያው ቃል የማን መሆን እንዳለበት ሁሉም አውቋል። ሰው ሁሉ ስታማታን ጠበቀ።

«ነፍሱን ይማርልኝ» አለች ስታማታ።

አምስት ዓመት ሙሉ ከዚያ አፍ ያልወጣ ቃል ነበር። ዛፊሮ ወንድሟን ያን ጊዜ ገና እንዳዲስ አጣችው፤ ደረቷ ተሰነጠቀ። በዚያው ቅጽበት የያዛት እጅ ጠበቅ አደረጋት። ከዚያ የቱ ሐዘን፣ የቱ ደስታ እንደሆነ ሳትለይ፣ በደነገጠ ልቧ ውስጥ የእናቷን ድምፅ ደጋግማ ሰማች። አንድ ትንፋሽ ያረፈውንም በሕይወት ያለውንም አብሮ መያዝ እንደሚችል እስከዚያች ቀን አታውቅም ነበር።